የኢኖክ ድምፅና የሴሊና ከንፈር

በእንግሊዝ አገር፣ በላንካሻየር ባለች አንዲት የሽመና ከተማ ኢኖክ ሳትክሊፍን የማያውቅ አልነበረም። ሙያው የእንጨት ጫማ መሥራት ነው፤ ስሙን ያስጠራው ግን ድምፁ ነው። ብርዱ ሲገባ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ በሚደረገው የንባብ ምሽት፣ ሐይቅ ስለዋጣት ከተማ የሚተርከውን ረጅሙን ግጥም በቃሉ የሚወጣው እሱ ነበር። ከውኃው ሥር ደወሎቹ የሚደወሉበት ስንኝ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከደረቱ ያወጣውና መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። ኋላ ተቀምጦ ያንቀላፋ ሁሉ ብንን ይላል።

ሚስቱ ኪዚያ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ናት። የሽመና መኪናው ጩኸት ጆሮዋን ካደነቆረው ቆይቷል፤ ቤት ውስጥ እንኳ ጆሮዋ ሥር ካልጮኸ አትሰማውም። ይህን ድምፅ ግን አታጣውም ብሎ ያምን ነበር። የሚደክመውም ለእሷ ነው።

በዚያ ዓመት ቄሱ ግጥሙን ለሴሊና ሰጧት። ሴሊና ከኪዚያ ጎን የምትሠራ ሸማኔ ናት። ኢኖክ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ፤ ስትዋረድ ለማየት ቸኩሏል። ድምፅዋ እንደፈራው ሳይሆን እንደተመኘው ቀጭን ነበር። ነገር ግን ሸማኔዎች በመኪናው ጩኸት መሀል እንደሚያወሩት፣ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሯ አፍታታ ታሳይ ጀመር። የሰጠመችው ከተማ መብራት በየመስኮቱ ሲጠፋ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ፊት አዘነበሉ። ኪዚያ አለቀሰች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኢኖክ መቻል አቅቶት ጆሮዋ ሥር ጮኸ፦

«ለእኔ አንድ ቀን አልቅሰሽ ታውቂያለሽ?»

«ለምኑ ላልቅስ?»

«ለግጥሙ ነዋ! ስንት ዓመት ጉሮሮዬን ቀደድኩልሽ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሪዝህ አፍህን ውጦት እኮ ነው! አንዲት ቃል አይቼልህ አላውቅም። ከተማዋ መስጠሟን የሰማሁት ዛሬ ነው።»

«ታዲያ ፊቴ ተገትረሽ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ሲያጨበጭቡልህ ደስ ይልሃላ። እሱን አያለሁ።»

ኢኖክ አፈረ፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀውም። የመንገዱ መብራት ሥር አቆማትና ሪዙን በሁለት እጁ ወደ ላይ ሰቅስቆ የመጀመሪያውን ስንኝ ያለ ድምፅ በከንፈሩ አላት። ኪዚያ ትክ ብላ አየችው።

«ሴሊና ትበልጥሃለች» አለችው።

ኢኖክ እጁን አወረደ።

«ማን አቁም አለህ? ቀጥል!»