ቁልፏን የካደች መኪና

ደብረ ታቦር ውስጥ መኪና አልነሣም ካለ መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። በጎልማሳነቴ የአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሞተር ብቻዬን ፈታትቼ፣ ብሎኑን በየተራው ጆንያ ላይ ደርድሬ መልሼ ገጠምሁት፤ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በጉና ዳገት ላይ ቆሞ እኔ ያላስነሣሁት መኪና የለም ብል ዋሸህ የሚለኝ አይገኝም። የሞተርን ሕመም በድምፁ አውቃለሁ። ይህን ያስቀደምሁት ለጉራ ብቻ አይደለም፤ ያን ጠዋት እኔ ባልኖር ነገሩ ምን ይሆን እንደነበር አንባቢ እንዲረዳልኝ ነው።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከጋሳይ ወዲያ ባለች መንደር ሌሊቱን ዐርፎ አደረ። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርሁ። ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው፤ ካህናቱ ሌላም ፍትሐት ስላለባቸው አይጠብቁም አሉኝ። መርዶውን ደግሞ እዚያው ደርሳ፣ ዘመድ ከቧት ትስማ እንጂ መንገድ ላይ እንዳትሰማ አደራ አሉ። ደም ግፊት አለባት። ስለዚህ ወንድምሽን ትንሽ አሞታል፣ ሊያይሽ ፈልጓል አልኋት።

አማቻችን፣ የልጃችን ባል፣ ከባሕር ዳር በዋዜማው መጥቶ አድሮ ስለነበር መኪናው ደጃችን ቆማለች። በሚኒባስ እንዳንሄድ፣ ያን ጠዋት ወደ ጋሳይ የሚሳፈረው ግማሹ ቀብርተኛ ነው፤ አንዱ “ነፍስ ይማር” ያላት እንደሆነ ምሥጢሩ እዚያው ያልቃል።

ባለቤቴ ከኋላ ገብታ ተቀመጠች። አማቼ ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ ደኅና አድርጎ ዞረ፤ ሞተሩ ግን አልቀበል አለ። ደገመ። ያው ነው።

ውረድ አልሁትና ኮፈኑን ከፈትሁ። የባትሪውን ጫፎች አጠበቅሁ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ወደ ፀሐይ አንሥቼ አየኋቸው፤ የተቃጠለ የለም። ነዳጅ አለ። አማቼ አጠገቤ ቆሞ፣ “አባባ፣ ትናንት እኮ እንደ ውኃ ነበር የምትፈሰው” እያለ ይነዘንዘኛል። ትናንት ትናንት ነው አልሁት። ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ወጥታለች፤ እጄ በላብ ይንሸራተታል።

ባለቤቴ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ “ትንሽ ያመመውን ሰው ለመጠየቅ ይኼን ያህል ማላብ ምንድን ነው?” አለች። ሙቀቱ ነው አልኋት። ገና ብርዱ አልለቀቀም ነበር።

ይባስ ብሎ፣ ለቀብር የተሰናዱት ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ እንግፋላችሁ ብለው ከግቢያቸው ወጡ። ሮጬ መለስኋቸው። ይቺ መኪና ተገፍታ የምትነሣ ዓይነት አይደለችም አልኋቸው፤ እውነቴን ነው፣ ማርሿ በራሱ የሚቀየር ናት። ባለቤቴ ትያቸው አትያቸው አላወቅሁም።

ተመልሼ እኔው መሪው ፊት ተቀመጥሁ። ቁልፉን ሳዞር አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ያቺ መብራት መኪናው ተቆልፎ ሲቆም እንጂ ቁልፉ ገብቶ እንዲያ ማለት የለባትም። መኪናዋ ሌባ የመጣባት መስሏታል ማለት ነው። ወዲያው ጣቴን ቀዝቃዛ ነገር ነካው፤ የናስ መስቀል።

መስቀሉን ያሰረችው ባለቤቴ ናት። አማቼ ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ስለሚውል ይጠብቀው ብላ፣ የተባረከውን መስቀል ማታውን በጥቁር ክር ከቁልፉ ራስ ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችው። እሱም ተሳልሞ ተቀበለ። የእንዲህ ያሉ መኪኖች ቁልፍ ደግሞ በጥርሱ ብቻ አይታወቅም። በቁልፉ ራስ ውስጥ የተቀበረች ኢምንት መለያ አለች፤ መኪናዋ እሷን ካላገኘች ሞተሩን አትለቅም። አንድ ሹፌር የጣለውን ስባሪ ቁልፍ ፈልፍዬ በራሴ የደረስሁበት ነው። ናሱ ሸፍኗታል።

ክሩን ልፈታ ስል ከኋላ እጄን ያዘችኝ።

“መስቀሉን ፈትተው ነው በጉና ሊያሳልፉኝ?”

አስረዳኋት። “መስቀል መኪና ያቆማል ሊሉኝ ነው?” አለች። በሌላ ቀን ቢሆን ክሩን በጥሼ እነሣ ነበር፤ በመኪና ነገር የሚከራከረኝ የለም። ግን ተቆጥታ ከወረደች ሳትቀብር መቅረቷ ነው። ወርጄ በመስኮቱ ጎንበስ አልሁ።

“እባክሽ፣ አንቺው ፍቺው። በእጅሽ ያዢው፤ መንገዱን ሁሉ እያማተብሽ እንሄዳለን።”

ብዙ አየችኝ። ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

አማቼ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ባንዴ ተነሣች።

መንገዱ አላልቅ አለኝ። ከብት ባገደን ቁጥር ጥሩምባውን አስነፋዋለሁ፤ ኩርባ በዞርን ቁጥር ፀሐይዋን አያለሁ። ጋሳይን ስናልፍ ባለቤቴ ከኋላ ለአማቼ፣ “ቀስ በል ልጄ፣ ዛሬ አንድ ቀብር ይበቃናል” አለችው።

ዞርሁ። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ መስቀሉን ደረቷ ላይ ይዛለች።

“ማን ነገረሽ?” አልኋት።

“አንቱ ነዎት። ስንኖር እኔን ለምነውኝ ያውቃሉ?”

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ፍትሐቱ አላለቀም ነበር። ወርዳ በሰዉ መሐል አለፈችና መስቀሉን ሬሳው ላይ አኖረችው።

እንግዲህ ያን ቀን የሠራሁት ይኸውላችሁ፦

ባትሪውንም ፊውዙንም ፈትሼ ሕመሙ እዚያ እንዳልሆነ አረጋገጥሁ።

ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ባለሙያ፣ ነገሩን ከቁልፉ ራስ ላይ አገኘሁት።

አማቼን መኪናውን እስከ ባሕር ዳር ከማስጎተት አዳንሁት።

እህትን ወንድሟ አፈር ሳይለብስ አደረስኋት።

ምሥጢሩንም ጠበቅሁ። ይህን ባለቤቴ እስከ ዛሬ አትቀበለኝም፤ ከአፌ ግን አንዲት ቃል አልወጣችም።