ኤቬሊዮ፣ ቢላውና የጠፈሯ ልዕልት

ኤቬሊዮ ፋብሪካው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጎኔ ተቀምጦ ሲጋር ጠቅልሏል። እጁ አንደኛ ነው፤ ሲጋሮቹ ሚዛን ላይ ቢወጡ አንዱ ከሌላው በአንድ ግራም እንኳ አይዛነፍም። ዓይኑን ግን ሞራ ሸፍኖታል። ቅጠሉን በጣቱ እየዳበሰ ነው የሚሠራው።

ልጁ ያይማ ወደ ስፔን ስትሄድ አምስት መጻሕፍት ትታለት ሄደች፤ ስለ አንዲት ሞልቃቃ የጠፈር ልዕልት የተጻፉ። ልዕልቷ መጀመሪያ በሌላ ረጅም የጠፈር ጦርነት ታሪክ ውስጥ ሦስት ገጽ ብቻ ነበራት፤ መርከቡ እየተቃጠለ እሷ የመታጠቢያ ውሃዬ ቀዘቀዘ ብላ ታማርራለች። ሰው ወደዳትና የራሷ ተከታታይ መጽሐፍ ተጻፈላት።

ያይማ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ድሮ የአየሩንና የታመመ ጉልበቱን ነገር ከጨረሱ በኋላ የሚሉት ያጡ ነበር። ኤቬሊዮ መጻሕፍቱን ለፋብሪካው አንባቢ ለኦዳሊስ ከሰጣት ወዲህ ግን ወሬ አገኙ። ኦዳሊስ እኛ ስንጠቀልል ጠዋት ጋዜጣ፣ ከምሳ በኋላ ልቦለድ በማይክሮፎን ታነብልናለች። እሱም የሰማውን ይዞ እሑድን ይጠብቃል። ልዕልቷ ሾርባዬ በወታደር ሳህን ቀረበ ብላ መርከቡን ያስቆመች ሳምንት፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ አወሩ። ደቂቃውን የነገረኝ ራሱ ነው።

አዳራሹ ልዕልቷን ሲሳደብ ነው የሚውለው። ከኋላችን የምትቀመጠው ሚግዳሊያ፣ እኔ ቤት አንድ ቀን ብትውል ድስት ነበር የማስፈትጋት ትላለች። ቢሆንም ይሰማሉ።

እኛ ዘንድ ንባቡን የወደደ በቅጠል መቁረጫው ቢላ ጠረጴዛውን ያንኳኳል፤ የጠላ ቢላውን መሬት ላይ ይጥላል። ብዙ ቢላ የወደቀበት መጽሐፍ ተመልሶ አይከፈትም።

ሦስተኛው መጽሐፍ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ ኦዳሊስ ምዕራፉን ጨርሳ ቀና ስትል የኤቬሊዮ ቢላ ወደቀ። ቢላችን እጀታ የሌለው ጠፍጣፋ ብረት ስለሆነ ሲወድቅ አዳራሹን አቋርጦ ይሰማል። ባለ መጽሐፉ ራሱ ከሰለቸው ብለው ነው መሰለኝ፣ ሚግዳሊያ ጣለች፤ ከዚያ ሌሎቹ። እኔም ጣልኩ። ኦዳሊስ መጽሐፉን ዘጋችው።

ኤቬሊዮ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ሲዳብስ ነው የገባኝ።

"አምልጦህ ነው?" አልኩት።

"ተይው።"

"ለኦዳሊስ ልንገራት?"

"ስልሳ ሰው ለኔ የእሑድ ስልክ ሲባል የጠላውን ይስማ? ተይው አልኩሽ።"

በምሳ ሰዓት እኔ ላንብብልህ አልኩት። ምሳሽን ብዪ አለኝ። በማግስቱ ኦዳሊስ የወንጀል ታሪክ ጀመረች።

ሰኞ የእሑዱ ስልክ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ያይማ የት ደረሳችሁ ስትለው ከራሱ ፈጥሮ ነግሯታል፦ ልዕልቷ ተናድዳ ሠራተኞቿን ሁሉ ከመርከቡ አስወረደች፤ ከዚያ ሾርባ የሚያቀርብላት አጣች።

"እሷስ ምን አለችህ?"

"'መጽሐፉ እንዲህ አይልም፣ አባዬ' አለችኝ።"

አንድ ቅጠል አንስቶ በመዳፉ አለሰለሰው።

"ከዚያ ጉልበትህ እንዴት ነው አለችኝ።"