የመርዙ ሥርና የጋሼ ጉልበት

ይህ ጉዞ ሊጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄአለሁ። ጠዋት ወጥቼ ማታ የተመለስኩበት ነው። የወጣሁበት ተራራም ሲያትል ላይ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ከሩቅ የሚታይ ነው። ግን የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቴን እንደጨረስኩ ያደረግሁት የመጀመሪያ የምርምር ጉዞዬ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ ቤት ስመለስ የጠበቀኝ ነገር ስላለ፣ እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው ወሰንኩ።

ዓላማችን አንድ መርዛማ ተክል ነበር። የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች ሥሩን ለመገጣጠሚያ ሕመም ይሰጣሉ፤ የሚሰጡት ግን ለሰዓታት ከቀቀሉት በኋላ ነው። ጥሬው ልብ ያቆማል። አስተማሪዬ ዶክተር ሜይ የምታጠናው በመቀቀል ብዛት መርዙ እንዴት እንደሚቀንስ ነው። የተክሉ ዘመድ የሆነ ዝርያ እዚህ ሲያትል አካባቢ ባሉ ተራሮች ላይም ስለሚበቅል፣ ለማነጻጸር ከደን መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ተቀብለን ሥሩን ልናመጣ ሄድን።

ከስካይዌይ ወደ ባቡሩ

የምኖረው ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ከአጎቴ ጋር ነው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የኤርፖርት ሻትል ሾፌር ናቸው። ቀኝ ጉልበታቸውን ከያዛቸው ቆይቷል፤ ከመኪና ሲወርዱ በሩን ይዘው ትንሽ ቆም ይላሉ።

«ሶ፣ ዛሬ መርዝ ለቀማ ነው?» አሉኝ ወደ ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ እየነዱ።

«ለምርምር ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ደምሴ የነገረኝ ሥር እሱ አይደል? አብሮት የሚሠራው ቻይናዊ ጉልበቱ የዳነው በሱ ነው። ደምሴ ከሰውየው ደረቁን ተቀብሎ አረቄ ውስጥ ዘፍዝፎታል። ለእኔም ጣት የምታህል አምጪልኝ።» ጋሽ ደምሴ የጋሼ የቅርብ ጓደኛ ናቸው።

«እሺ» አልኩ። እኛ ቤት ታላቅ ሲጠይቅ መልሱ እሺ ነው፤ መደረጉ አለመደረጉ በኋላ ይታያል። ጋሼም ደስ ብሏቸው ፓርክ ሳያደርጉ አወረዱኝና «ስትደርሺ ኮል አድርጊ» ብለው ሄዱ።

በባቡሩ ሦስት ዶላር ከፍዬ ዩኒቨርሲቲ ደረስኩ። ዶክተር ሜይና ሁለት ተማሪዎች ቫኑን ጭነው ጠበቁኝ። በሐይቁ ላይ የተንሳፈፈውን ድልድይ ተሻገርን። በሥራ ቀን መኪና የሚርመሰመስበት የሬድመንድ መንገድ ቅዳሜ ስለነበር ጭር ብሏል። ከዚያ ወዲያ እርሻ፣ ቀጥሎም ጫካ ነው። መንገድ ዳር አንዲት ሴትዮ በስምንት ዶላር የሸጠችልንን አንድ ከረጢት ቼሪ እየበላን ወጣን። ዶክተር ሜይ ግን «ከዚህ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ ምንም ወደ አፍ አይገባም» ብላ ቀሪውን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ተራራው ላይ

ተክሉ ጅረት ዳር ቆሟል። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ነው፤ አበባው ወይን ጠጅ ሆኖ የመነኩሴ ቆብ ይመስላል። እንዲህ ያማረ ነገር ይገድላል ማለት ለማመን ያስቸግራል። ድርብ ጓንት አድርገን ቆፈርን። ዶክተር ሜይ የእኔን ከረጢቶች አገላብጣ አይታ «ንጹሕ ሥራ ነው» አለችኝ። ኮራሁ፤ አልደብቅም።

ከዚያ አንዲት ሥር ተሰብራ ሣሩ ላይ ወደቀች፤ ልክ ጣት ታህላለች። አነሳኋትና የጋሼ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

«ዶክተር ሜይ፣ ይህ በአልኮል ቢዘፈዘፍስ?»

መቆፈሪያዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ማነው የዘፈዘፈው?»

ነገርኳት።

«ውሃ ውስጥ ረጅም ሰዓት ሲፈላ መርዙ ይፈርሳል» አለች። «አልኮል አያፈርሰውም፤ ከሥሩ አውጥቶ መጠጡ ውስጥ ያኖረዋል። እኛም ዘንድ፣ ቻይና፣ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። መጀመሪያ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ከዚያ ልብ ይዛባል።»

«ትንሽ ብርጭቆስ?»

«ትበቃለች።»

ሥሯን ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ አሸግሁ። ስልኬን ባወጣ ኔትወርክ የለም። መንገዱን ወርደን ኔትወርክ ስናገኝ ጋሼ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሱም። የጋሽ ደምሴ ቁጥር የለኝም። ዶክተር ሜይ እስከ ስካይዌይ በቫኑ አደረሰችኝ።

ቤት

በሩን ስከፍት ጋሼና ጋሽ ደምሴ ሳሎን ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ጠርሙስና ሁለት ባዶ መለኪያ አለ።

«ሐኪሟ መጣች» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ዕቃውን አመጣሽ? እስክትመጪ ብለን እኮ ነው ያልቀመስነው።»

ጠርሙሱን አንስቼ ደረቴ ላይ ያዝኩት። «አላመጣሁም። ይሄም አይጠጣም።»

«እሺ ብለሽኝ ነበር» አሉ ጋሼ።

«እሺ ያልኩት እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ደምሴ ሳቁ። «የኛ ሰው ስንቱን ሥር ጠጥቶ ነው ያደገው! አንደኛ ዓመት ሆነሽ እንዲህ ካደረገሽ፣ ስትመረቂማ ውሃም ልትከለክይን ነው።»

ጠርሙሱን አልለቀቅሁም። «ጋሽ ደምሴ፣ ሰውየው ሥሩን እንዴት አድርጎ ነው የሚጠጣው?»

«ያፈላዋል።»

«ስንት ሰዓት?»

አገጫቸውን አሸት አሸት አድርገው «ግማሽ ቀን ይጣዳል ብሎኛል» አሉ። «ማን ግማሽ ቀን ምድጃ ይጠብቃል ብዬ አረቄውን መረጥኩ።»

ቁጭ ብዬ ዶክተር ሜይ ያለችውን ሁሉ በአማርኛ አስረዳኋቸው። የተማርኩትን በአማርኛ ሳስረዳ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቃል ሲጠፋኝ በእጄ አሳየሁ። ከንፈርና ልብ ላይ ስደርስ ጋሽ ደምሴ መለኪያዎቹን በጣታቸው ገፋ አደረጉ።

«ኦኬ» አሉ በመጨረሻ። «ትላንት ማታ ክዳኑን ከፍቼ አሽትቼዋለሁ። ማሽተት ምንም አይል?»

«አሁን ደምሴ» አሉ ጋሼ፣ «የምታጠናው ይህንኑ ነው። ዝም ብለህ ስማት።»

ጋሼ ስለ እኔ እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ጉልበታቸውን እያሹ «ታዲያ ይሄስ?» አሉኝ። ሰኞ ክሊኒክ አብረን እንድንሄድ ተስማማን፤ ሄድንም።

ከጉዞው የተማርኩት ስለ ሥሩ ብቻ አይደለም። ታላቅን ማክበር ሁልጊዜ እሺ ማለት ይመስለኝ ነበር። ለምወዳቸው ሰው እምቢ ብዬ፣ ምክንያቱን አስረድቼ፣ እሳቸውም ሰምተውኝ ማየቴ ከተራራው ይበልጥብኛል።

ጠርሙሱን በሁለት ከረጢት ጠቅልዬ፣ ጋሽ ደምሴ ራሳቸው እየነዱ፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበለው ጣቢያ ያስረከብነው ረቡዕ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።