ሰሞነኛው ባሌ

ባሌ ቄስ ነው፤ ላሊበላ አጠገብ ባለው ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። የቅዳሴ ተራው ሲደርስ ሰሞነኛ ይባላል፤ ያን ሳምንት ከቤት ርቆ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ያድራል። ይህን አውቄ ነው ያገባሁት። ረቡዕና ዓርብ፣ አጽዋማቱ፣ ሰሞኑ ሲወጣ የሚተርፈው ቀን የእኛ ነበር። ያን ቀን ሁለታችንም እንወደው ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል የሚለኝ ይኖራል። የተቃጠልሁት ግን ማንም አፍ አውጥቶ ስለማይናገረው ነው።

ሠላሳ ሳይሞላኝ ግራ ጡቴ ውስጥ እብጠት ተገኘ። ባሌ አዲስ አበባ ወሰደኝ፤ ጡቴን ቆረጡት። ከዚያ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ወሰድሁ፤ ጸጉሬ ረገፈ፣ የወር አበባዬም ቆመ። በሽታው እንዳይመለስ በየቀኑ የምውጠው ኪኒን ይዤ ወደ ላሊበላ ስመለስ ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። "እንኳን እግዜር ማረሽ" አሉኝ። አንዷ ደግሞ የተኛሁ መስሏት፣ "ምስኪን ቄሱ፣ ብትሞትበት ኖሮ መመንኮሱ ነበር" ስትል ሰማኋት። ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባምና የታዘነለት ለእሱ ነበር።

ጸጉሬ በቀለ፤ ክንዴም በረታልኝና ወደ ልብስ ስፌት መኪናዬ ተመለስሁ። ባሌ ግን ወደ እኔ አልተመለሰም። ውኃ ይቀዳልኛል፣ ልጃችንን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ አልጋ ላይ ሲሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ቀስ በቀስ የሌሎችን ሰሞን መውሰድ ጀመረ። የታመመ ቄስ ካለ በእሱ ፈንታ ይገባል፤ ዘመድ ጥየቃ ሙጃ የሄደ ካለም እንደዚያው። ሰዉ ትጉህ አገልጋይ ይለዋል። እኔ ምን ልበል? ቤተ ክርስቲያን ለምን ሄድህ ብዬ ልጣላው?

አንድ ቀን ራሴ ቀረብሁት። እሺ ብሎ ዞረ። ገና ስንጀምር ግን አመመኝ፤ ደርቄ ነበር፣ እንደ ቁስል ያቃጥላል። ጥርሴን ነክሼ ዝም ለማለት ሞከርሁ፤ አወቀብኝ። ተነሥቶ ጋቢውን ተከናነበና ደጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰሞኑ ጭራሽ በዛ።

ለምርመራ ስሄድ የሚወስደኝ ወንድሜ ነው፤ ሐኪሙ ክፍልም አብሮኝ ይገባል። እሱ እየሰማ እንዴት ብዬ ልናገር? ባለፈው ጊዜ ውኃ ግዛልኝ ብዬ ላክሁትና ሐኪሙን፣ "ከባሌ ጋር ስሆን ያመኛል" አልሁት።

ከወረቀቱ ቀና አላለም። "ልጅ አለሽ?" አለኝ።

"አንዲት አለችኝ።"

"እንግዲያው ጥሩ ነው። አሁን ዋናው ሕይወትሽ ነው፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።"

ወንድሜ ውኃውን ይዞ ገባ። ስንመለስ ሚኒባሱ ወልድያ ቆሞ ወንድሜ ቆሎ ገዛልኝ፤ አልበላ አለኝ። ለሐኪሙ ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን ሁሉ እስከ ቤት ድረስ በልቤ ስመልስለት ሄድሁ።

ቤት ስደርስ ባሌ ጥምጥሙን እየጠመጠመ ነው።

"ዛሬ ደግሞ የማን ሰሞን ነው?" አልሁት።

የአንድ የታመሙ አባት መሆኑን ነገረኝ። ሰው ፊት ካልሆነ በቀር አንቱ ብዬው አላውቅም። ያን ቀን ግን፣ "እርስዎ እኔን የፈቱኝ ጡቴ የተቆረጠ ዕለት ነው?" አልሁት።

ጥምጥሙን እንደያዘ ቁጭ አለ። "ሆስፒታል ሳለን አንድ አስታማሚ ነገረኝ" አለ። "ወንድ ከቀረባት በሽታው ይነሣባታል አለኝ። ያን ጊዜ ሲያምሽ ሳይ እውነት መሰለኝ።"

"ሐኪም አልጠየቅህም?"

"ቄስ ሆኜ እንዴት ብዬ?"

አዘንሁለት ብል ደስ ባለኝ። እኔ ግን ተናደድሁ። ስለ ገላዬ ባሌና አንድ የማላውቀው ሰው ኮሪደር ላይ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወደምታውቀኝ አዋላጅ ነርስ ይዤው ሄድሁ። "ሐሰት ነው፤ በሽታው በዚህ አይነሣም" አለችው። ድርቀቱ ከሕክምናው የመጣ መሆኑን፣ ሆርሞን የሌለበት ማለስለሻ ፋርማሲ እንደሚሸጥ፣ የወር አበባዬ ቢቆምም ላረግዝ ስለምችልና ኪኒኑን እየወሰድሁ ማርገዝ ስለሌለብኝ ኮንዶም መጠቀም እንዳለብን ነገረችን። ባሌ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ለምን ማንም አልነገረኝም?

ማለስለሻው ከወልድያ መጣልን። ባሌም የሌሎችን ሰሞን መውሰድ ተወ። ሕመሙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ፍላጎቴም እንደ ድሮው አይደለም፣ ሰውነቴ የሚለግምብኝ ቀን ብዙ ነው። ሸሚዜን ሳወልቅ ባሌ ዓይኑን ይጨፍናል። ለእኔ ብሎ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

ለሚመጣው ምርመራ አብረኸኝ ትገባለህ ብዬዋለሁ።

"ገብቼ ምን እላለሁ?" አለኝ።

"የምናገረው እኔ ነኝ። አንተ አጠገቤ ተቀመጥ።"