ራቢዓ ባሏን ያመሰገነች ቀን

ኧረ እንደ ራቢዓ የሚቆጣ ሰው ከወዴት ይምጣ! ያሁን ዘመን ሰው ሲቆጣ አንዴ ጮኾ ያበቃል። እሷ ግን ቁጣን እንደ ሥራ ይዛ ከማለዳ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ትውልበት ነበር። ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የማሽላ ማሳዋ መካከል ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ማማ ነበራት። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ ወፍ ይወርድበታል፤ ለአፍታ ዝም ካሉት የዓመቱን እህል ሙልጭ አድርጎ ይበላል። ስለዚህ ኅዳር ሲገባ የቆላው ሰው ሁሉ ማማው ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጩኸት ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ «ሃይ! ሃይ!» ማለት ደግሞ ይሰለቻል፤ ራቢዓ ወፉን ስታባርር ሰውንም ደርባ ትቆጣ ነበር።

«ሃይ! አንቺ ሩቂያ፣ ፍየልሽን እሰሪ አላልኩሽም? ሃይ! ሂድ አንተ ሆዳም!» ትላለች።

ጎረቤቷ ሩቂያም ከራሷ ማማ ላይ ሆና «የራስሽን ባል ብትቆጪ አይሻልሽም?» ትላታለች።

መቼ ትተወውና! ባሏ ቃሲም ማረሻ ረስቶ ቢመጣ፣ ለሶላት ሲወጣ በሩን ሳይዘጋ ቢሄድ፣ ጥንቅሽ ልጦ ልጣጩን ደጃፍ ላይ ቢጥል፣ ወሬው ከማማው ላይ ለአገር ይታወጃል። እሱ ደግሞ ፈገግ ብሎ «እሺ፣ ገብቶኛል» ከማለት በቀር መልስ አያውቅም። እሷን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል። ትወደው ነበር፤ ወላሂ ትወደው ነበር! ግን አንዲት ደግ ቃል ከአፏ ወጥታለት አታውቅም። እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ ራቢዓም በቁጣ ካልሆነ መውደዷን የምትናገርበት መንገድ አልተማረችም።

ጣሊያን መጥቶ መንገዱ ዳር ሲሰፍር ቃሲም «ጠመንጃዬን አላስረክብም» ብሎ ከአርበኞች ጋር በረሃ ገባ። ከደብረ ሲና ገደል ሥር ይውሉ ነበር። ስንቅ ሲያልቅበት በቀትር ይመጣል፤ ሌሊት በየመንደሩ ጥበቃ ስለሚቆም፣ ቁመቱን የጨረሰ ማሽላ ደግሞ ሰው ስለሚሸሽግ ነው። ምልክታቸውን ከራቢዓ አመል አወጡት። ስሙን ጠርታ ከተቆጣችው ደህና ነው፣ ይምጣ። ዝም ካለች ይመለስ። አገሩም «ይቺ ሴት የሌለ ባሏን እንኳ አትምርም» እያለ ይስቅባት ነበር። እሷ ግን እየተቆጣች ዓይኗ አገዳው ላይ ነበር። አገዳው ውስጥ ሆኖ ሲስቅ የምትሰማው ይመስላት ነበር፤ ከሁሉ የናፈቃትም ሳቁ ነበር።

ወሬ ግን መች ይደበቃል። አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሦስት ባንዶች መጥተው ከማማው ሥር አደፈጡ። አለቃቸው ጠመንጃውን ወደ ላይ አዞረባት።

«ሴትዮ፣ ስትፈሪ ዝም እንደምትይ ሰምተናል። ዛሬ ዝም ብትይ እተኩሳለሁ። እንደ ወትሮሽ ባልሽን እየጠራሽ ጩኺ!»

ሰውየው ከሩቅ አገር የመጣ ነው። መጮኋን ሰምቷል፤ ምን እያለች እንደምትጮኽ ግን የነገረው የለም።

ራቢዓ ክው አለች። ከማሳው ዳር የአገዳው ጫፍ ሲነቃነቅ ታየዋለች፤ ቃሲም እየመጣ ነው። ብትቆጣው ይመጣል። ዝም ብትል ይተኩሱባታል፤ ተኩስ ከሰማ ደግሞ ቃሲም እንደማይሸሽ ታውቃለች፣ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። ያ ረቢ፣ ምን ይሻላል? አፏን ከፈተች።

«ቃሲም! ቃሲም የኔ ጌታ! ሃይ! የቤቴ ምሰሶ! አንተን የሰጠኝ አላህ ይመስገን! አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግረኸኝ አታውቅም፤ ስጨቀጭቅህ የኖርኩት እኔ ነኝ! ሃይ! እንዳንተ ያለ ባል በይፋት ምድር የለም! ጠዋት ስትስቅ ስሰማህ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውል ነበር!»

ሩቂያ ከወዲያኛው ማማ ላይ ወንጭፏን እንዳነሣች ደርቃ ቀረች። የአገዳው ጫፍም ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ወደ መጣበት፣ ወደ ገደሉ በኩል ሲነቃነቅ ራቢዓ አየች። አየችና እንባዋ እየወረደ ምስጋናውን ይበልጥ አጮኸችው። ባንዶቹ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ትንኝ ሲበላቸው ውለው እየተራገሙ ተነሡ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው፣ እንዲህ እየተወደደ የማይመጣ!» አለ አንደኛው።

ሩቂያ እየሮጠች መጣች። «አንቺ፣ አሞሻል እንዴ?» ብትላት፣ ራቢዓ እንባዋን ጠርጋ ወንጭፏን አነሣችና ወፉን ማባረር ቀጠለች።

ቃሲም ከዚያ ወዲያ ወደ ማሳው አልመጣም፤ መንገዱ ተነቅቶበታል። እሷም ሁለት ኅዳር ጠበቀችው። ጣሊያን ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በውጊያ ወደቀ። መርዶውን ይዞ የመጣው አብሮት የዘመተው የደብረ ሲናው አየለ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ራቢዓ ብቻ ዓይኗ ደርቆ ተቀመጠች። አየለ ሊያጽናናት ብሎ ጠጋ አለ።

«እትዬ ራቢዓ፣ ቃሲም እርስዎን አንሥቶ አይጠግብም ነበር። ያን ቀን ከማማው ላይ ያሉትን አንድ ሳይቀር በቃሉ ይዞት፣ እሳት ዳር በተቀመጥን ቁጥር ይነግረን ነበር። ‹ሚስቴ ዋሽታ አታውቅም፤ አንድ ቀን ብትዋሽ ነፍሴን አዳነች› እያለ ይስቅ ነበር።»

«ውሸት ነው አለ?» አለች ራቢዓ።

«አዎ፣ ‹እንዴት ያለ የሚጣፍጥ ውሸት!› ይል ነበር።»

ራቢዓ ብድግ አለች። ለቀስተኛውን አልፋ ደጅ ወጣች፤ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረችና፣ መንደሩ ከዚያ በፊት ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ ጮኸች።

«አንተ ቃሲም! አንተ ደንቆሮ! ስንት ዓመት ስቆጣህ አምነኸኝ፣ አንድ ቀን እውነቱን ብነግርህ ውሸት ነው ትላለህ? ማን ዋሸህ! ና! ና ተመለስና ልንገርህ!»