«ደህና ነው» ያልኩት መስመር

ከዛሬ ጠዋት በፊት ይህን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለእናቴ አልነገርኳትም። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቤተ ክርስቲያን ላሉት የንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም፤ ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይችን እዘላት ነበር። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ያስቃል። «አባ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃሉ? እንዴት ብዬ አስረዳቸዋለሁ?» እላለሁ። ለመሆኑ ውሸት አስተርጓሚ ያስፈልገዋል? እኔ ስህተት አየሁ። አይቼ «ደህና ነው» አልኩ። ሲጠይቁኝ «አላየሁም» አልኩ። ይሄ የማይገባው ቄስ የለም። እንዲያውም በደንብ ስለሚገባቸው ነው የፈራሁት።

ዛሬ ግን ልቤ ቆርጧል። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ፤ ከሰማችሁ በኋላ እንደፈለጋችሁ ፍረዱ፣ ብቻ አትዘኑልኝ።

ኮምፒውተር ያስተማሩኝ ጋሼ ይርጋ ናቸው። ከአባቴ ጋር ከጎንደር ቆላ አብረው የተሰደዱ፣ ኋላ ካርቱም ተምረው መሐንዲስ የሆኑ፣ ሱዳኖቹ «ባሽሙሃንዲስ» እያሉ የሚያከብሯቸው ሰው ናቸው። ጦርነቱ ከካርቱም ሲያፈናቅላቸው ወደ ገዳሪፍ ተመለሱ፤ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራዩና አንድ አሮጌ ማሽን አቆሙ። ስልክ በተቋረጠበት ጊዜ ሰው ከዘመዱ ጋር የሚገናኘው በዚያ ማሽን ነበር። ኢንተርኔቱን ከሳተላይት እንስባለን፤ ካርቱም የቀረውም ጎንደር ያለውም ዘመድ በዚያ በኩል ይደውላል፤ ሰዉ በራችን ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። እኔ የጋሼ ቀኝ እጅ ነበርኩ።

ስለ ኮዱ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ በደሌ ቀላል ይመስላችኋል። በጥሪ የሚመጣው ሁሉ ወደ ማሽኑ የሚገባው በአንድ አድራሻ ነው። ውስጥ ግን ብዙ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን በር ከፍተው ይጠብቃሉ፤ በሩን ሶኬት እንለዋለን። ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበትን የገዳሪፍ ግቢ፣ ሐውሽ የሚሉትን፣ አስቡት፤ የውጭው በር አንድ ነው፣ እንግዳ ሲያንኳኳ «ያንተ ዘመድ በዚያኛው ቤት ነው» የሚል ሰው ያስፈልጋል። በኮምፒውተር ውስጥ ይህን የሚያደርገው ከሁሉም ፕሮግራም ሥር ያለው ኮድ ነው፤ ከርነል ይባላል። የእኛ ማሽን ከርነል አሮጌ ስለነበር በራሱ ግትር ደንብ ብቻ ይመርጥ ነበር። ጋሼ ይህን ቀየሩት። እኛ የምንጽፈው ትንሽ ፕሮግራም ምርጫውን እንዲመራ፣ አንዱ ሶኬት ሲጨናነቅ እንግዳውን ወደ ሌላው እንዲልክ አድርገው ጻፉት። ሥራው ግሩም ነበር። ዛሬም ግሩም ነው እላለሁ።

ሕጋችን ደግሞ አንድ ነበር፤ ያወጡትም ራሳቸው ናቸው። ማንም የጻፈውን ኮድ ሌላ ሰው አንብቦ ኮድ የምንጽፈው ሁሉ በምንጻጻፍበት የኢንተርኔት ግሩፓችን ላይ «አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው» ብሎ ካልጻፈ ማሽኑ ላይ አይጫንም። የጋሼን ኮድ ለማንበብ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ።

አነበብኩት። ከርነል ውስጥ አንድን ሶኬት የመረጠ ኮድ «ይዤዋለሁ» ይላል፤ ሐሳቡን ሲቀይር ደግሞ መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀው ሶኬቱ ተዘግቶ እንኳ ከሚሞሪ ላይ አይነሳም። የጋሼ ኮድ የመጀመሪያው ሶኬት ተጨናንቆ ሁለተኛውን ሲመርጥ የመጀመሪያውን ሳይለቅ ይሄዳል። አንድ መስመር ቀርታለች። ሰው በሌለበት ቀን ምንም አይታይም፤ ሰው ሲበዛ ግን ሚሞሪው ሞልቶ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ይህን ሁሉ አየሁ። ጠርጥሬ አይደለም፣ መስሎኝም አይደለም። እኔ አየሁ።

በዚያው ሰዓት ሰላም በግሩፑ ላይ ጻፈች። ሰላም ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ወጥታ ከሰላ ከተማ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ገና አዲሳችን ነበረች። «ጋሼ፣ ሁለተኛው ሲመረጥ የመጀመሪያውን የሚለቀው ማን ነው? ይቅርታ፣ ምናልባት ያልገባኝ እኔ ነኝ» አለች። ጣቷን በትክክል ቁስሉ ላይ አሳረፈች። ጋሼ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እኔ ቀደምኩ። «አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። እሷም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዝም አለች። ያቺን «አመሰግናለሁ» እስከ ዛሬ ማንበብ ያመኛል።

ለምን አደረግኩት? ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው እያልኩ ራሴን ሸንግያለሁ። እንዴት አስተማሪዬን፣ የአባቴን ጓደኛ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ግሩፕ ላይ «ተሳስተዋል» እላለሁ? ይሄ ለጆሮ ደስ ይላል። ግን ይሉኝታ ቢሆን ኖሮ ለብቻቸው መንገር አቅቶኝ ነበር? አንድ ቤት ነበር የምንውለው! እውነቱ ሌላ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እኔ የጻፍኩትን ኮድ በዚያው ግሩፕ ላይ «ልጀ፣ ይሄን የጻፍኸው በእጅህ ነው በእግርህ?» ብለው መልሰውብኝ ነበር። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ግን ቂም ያዝኩ። ስህተታቸውን ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ደስታ ነው። «ይውደቅና እንተያያለን» አልኩ በሆዴ። ክብር የመሰለው ዝምታዬ ከሥሩ ቂም ነበር።

ማሽኑ የወደቀው ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። የእርሻ ሠራተኞቹ ወደ ከተማ ገብተው በራችን ሞልቷል። ከሁሉም ፊት እትዬ አበባ ተቀምጠዋል፤ በራችን አጠገብ ባለችው ራኩባ፣ በሣር ዳሷ ሥር ሻይ የሚሸጡ፣ እኔንም እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሃና ካርቱም ቀርታለች። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ በጎረቤት ስልክ እንደምትደውል መልእክት ልካላቸዋለች፤ ጎረቤቶቿ ሲመሽ በመኪና ወደ ግብፅ ሊነሱ ነው፣ ከእነሱ ጋር ትሂድ ወይስ ወደ እናቷ ወደ ገዳሪፍ ትምጣ፣ ከእናቷ ጋር ልትመክር ነው። እትዬ አበባ የሚሉትን አስቀድመው አዘጋጅተዋል። «ነይ ነው የምላት» ይሉኝ ነበር ጠዋት ስኳር እያማሰሉ፣ «ሌላ ምን እላለሁ፣ ነይ ነው እንጂ።»

ማሽኑ ቀጥ አለ። አስነሳነው፤ ሰዉ ብዙ ነበርና ወዲያው መልሶ ቀጥ አለ። ጋሼ ፊታቸው ላይ ላቡ እየወረደ ሽቦ ይነካካሉ፣ ሳተላይቱን ይረግማሉ። እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው አውቄያለሁ። የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር እንደሆነ አውቃለሁ። መስመሯን ለመጻፍና ከርነሉን መልሶ ለመጫን ብዙ አይፈጅም ነበር።

አሁን የምናገረው ነው ዋናው ኃጢአቴ። ቶሎ ባገኘው ቀድሞ ያየሁት መሆኑ ይታወቅብኛል ብዬ የምፈልግ መሰልኩ። ኮዱን ወደ ላይ ወደ ታች እያንከባለልኩ፣ ግንባሬን እየቋጠርኩ፣ «ቆይ እስቲ፣ ቆይ እስቲ» እያልኩ ተቀመጥኩ። እትዬ አበባ ራሳቸውን በበሩ አስገብተው «ልጀ፣ ሸበካው፣ ኔትወርኩ አልመጣም? ሃና ትደውላለች እኮ» ይሉኛል። «ትንሽ ይጠብቁ፣ እየፈለግሁት ነው» እላቸዋለሁ። ፊታቸውን እያየሁ ነው ያልኳቸው። የያዝኩትን ነገር እየፈለግሁ ነው አልኳቸው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ «አገኘሁት!» አልኩ። ሰዉ አጨበጨበ። አንዱ ሠራተኛ «ወላሂ አንተ ሰው አይደለህም!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ልክ ነበር፣ በሌላ መንገድ። ጋሼ ይርጋ መስመሯን ደግመው አነበቧት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ስታነብልኝ አላየኻትም ነበር?» አሉኝ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አላየሁም ጋሼ» አልኩ።

«እንግዲያ እኔው ነኝ» አሉ። «ሰላም ጠይቃኝ ነበር፤ አንተ ደህና ነው ስትል እኔም ተውሁት። ኸላስ፣ በቃ፣ ዓይኔ ደክሟል።» ከዚያ በኋላ ኮድ መጻፍ ተዉ። የክፍሏን ቁልፍ ለእኔ ሰጥተው ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ እህታቸው ዘንድ ሄዱ።

ሃና ማሽኑ ሳይነሳ ደውላ የመለሰላት ስላልነበረ፣ ሲመሽ ከጎረቤቶቿ ጋር ሄደች። ግብፅ ገብታ ደወለች፤ በሕይወት አለች። እትዬ አበባ «እግዜር ይመስገን» ይላሉ። እኔም ይችን ይዤ ልጽናና ሞክሬአለሁ፤ ተርፋለች፣ እንዲያውም እዚያ ይሻላታል፣ ማን ያውቃል እላለሁ። ግን እኔ ማነኝና ነው ለእናትና ለልጅ የምመርጥላቸው? «ነይ» ሊሏት ነበር። ያቺን ቃል ከአፋቸው የነጠቅኋት እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ማሽኑን ያዳንኩ መስሏቸው በየጠዋቱ «እጅህ ይባረክ» እያሉ ሻይ ይቀዱልኛል። ጠጥቼዋለሁ። በየቀኑ ጠጥቼዋለሁ።

እስከ ትናንት ድረስ እንዲህ ኖርኩ። ትናንት ጋሼ ይርጋ በግሩፑ ላይ አዲስ ኮድ ላኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ያው ሥራ ነው፣ የሶኬቱን ምርጫ አጥርተውና አሳጥረው ጽፈውታል። ከሥሩ «ልጀ፣ እስቲ ዓይኔ ተመልሶ እንደሆነ እይልኝ። አንተ ካላየኸው አይጫንም» ብለዋል። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። የያዙትን ሁሉ ይለቃሉ፤ አንዲት የጎደለች መስመር የለችም። «አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። እጄ እምቢ አለ። ያው ቃል ነው፤ ያን ጊዜ ውሸት የነበረ ቃል ዛሬ በምን እውነት ይሆናል? የድሮውን ሳላነሳ አዲሱን ብጽፍ ሁለተኛ መዋሸቴ ነው።

ዛሬ ጠዋት በሩን ሳልከፍት እትዬ አበባ ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቂሜንም፣ የምፈልግ መምሰሌንም። ብርጭቆውን ሞልተው አቅርበውልኝ ነበር። ስጨርስ እጃቸውን ዘርግተው ብርጭቆውን ከፊቴ አነሱት።

«እዚያ ቁጭ ብለህ ስታየኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በል ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» አሉኝ። ሻዩን መሬት ላይ ደፉት። ተነሥቼ ሄድኩ።

ክፍሏን ከፍቼ በግሩፑ ላይ፣ ያኔ በዋሸሁበት ቦታ፣ ሁሉም እንዲያየው ጻፍኩ። «ጋሼ፣ ያኔ የጎደለችውን መስመር አይቻት ነበር። ቂም ይዤ ዝም አልኩ። ማሽኑ ሲወድቅም እያወቅሁ የምፈልግ መሰልኩ። የእርስዎ ዓይን አልደከመም። ሰላም፣ የጠየቅሽው ትክክል ነበር፤ አፍሽን ያስዘጋሁሽ እኔ ነኝ። አዲሱን ኮድ አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው።» ላክሁት። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ጽፌ አጠፋሁት። ዛሬ ከእነሱ ምንም የመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። እናንተም ብትሆኑ ይቅር በሉኝ አልላችሁም።

የጋሼ መልስ ብዙ አልቆየም። ስድብ የለበትም፣ ምርቃትም የለበትም።

«ሰላም ደግሞ ትየው» ይላል።

ልክ ናቸው። የእኔ ቃል ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አልፏል፤ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ። ኮዱን ለሰላም ላክሁላትና ያልገባት ቦታ ካለ ይቅርታ ሳትል እንድትጠይቅ ለመንኳት። ማሽኑን አልነካሁም። እስክትመልስ ተቀምጬ እየጠበቅሁ ነው።