የሻምበል ካፖርት

ያን ክረምት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሽታው ነው፤ ካውያ ሲያርፍበት የሚተን የርጥብ ሱፍ ሽታ። ዝናቡ ጠዋት ከጀመረ ማታ ነው የሚያባራው። ስፌት ቤቱ ውስጥ ሃምሳ ሴቶች ነበርን፤ ለወታደርና ለዘበኛ የደንብ ልብስ እንሰፋለን። መስኮቱ ላብ ይዞት ውጪው አይታይም። ውጪው ስለማይታይ ይሁን እንጃ፣ ደጅ መኪና በቆመ ቁጥር ሁላችንም መርፌያችንን እንደያዝን ቀጥ እንል ነበር። ወታደር ቤት ለቤት የሚፈትሽበት ጊዜ ነው። አሁን ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን ከነልብሴ ነበር የምተኛው።

ታላቅ እህቴ እትዬ ኮት ሰፊ ነበረች፣ እኔ ቁልፍ ተካይ። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ እሷም ብዙ አልራቀችኝም፤ እጇ ግን የተማረ ነበር። "ሻምበል" የሚል ስም ያወጡላት ጨርቅ ቆራጩ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይለይ ሽማግሌ። ስሙ የወጣላትም በአንድ ፊልም ምክንያት ነው።

ፊልሙ የድሮ ዘመን ነው። አንዲት ሴት የሞተ ሻምበል ወንድሟን የመኮንን ካፖርት ለብሳ በፈረስ ደብዳቤ ታደርሳለች። እትዬ ዘጠኝ ጊዜ አይታዋለች። አንዴ እኔንም ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ገደል አፋፍ ላይ ስትደርስ የእትዬን ክንድ ብይዛት፣

"ፈረሱን ተይው፤ የካፖርቱን ጀርባ እዪ! ወገቡ ላይ ስንት ቁራጭ ነው?" አለችኝ።

ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ "እናንተ ሴቶች፣ ወይ ዝም በሉ ወይ እኔንም ለኩኝ!" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

የካፖርቱን ንድፍ በአሮጌ ጋዜጣ ቆርጣ አወጣችው። ጨርቁ የአባታችን ካፖርት ነው፤ አባባ ከሞተ ጀምሮ ምስማር ላይ ተሰቅሎ የቀረ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ። እማዬ ስፌቱ ሲፈታ ላለማየት ፊቷን አዙራ ተቀመጠች፤ በኋላ ግን ገበሩን ራሷ ያዘችላት። ሦስት ወር ፈጀ። ኮሌታው እስከ ጆሮ ይደርሳል፣ ደረቱ ላይ ሁለት ረድፍ ቢጫ ቁልፍ አለው፣ ከኋላ ደግሞ ኮርቻ ላይ እንዲመች የተሰነጠቀ ነው። ቁልፎቹን የተከልኳቸው እኔ ነኝ።

እሑድ እሑድ ምሳ ከተበላ በኋላ ለብሳው በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መሀል ትንጎራደዳለች። ደቃቃ ነች፤ ካፖርቱ ውስጥ ስትገባ ግን ቁመት ይጨምርላታል።

"ክቡር ሻምበል፣ ሰልፉ ካለቀ ሳህኑን ያንሡ" ትላታለች እማዬ።

ፊልሙ ሊወርድ ነው የተባለ እሑድ ግን ለብሳው ወጣች። እንዳትወጣ ብለምናት "ልብስ የሚሰፋው ሊለበስ ነው" ብላኝ ሄደች። አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ተከተልኳት። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ አንዱ፣ "ሻምበል፣ ፈረስሽን የት አሰርሽው?" ብሎ ጮኸ።

"ውስጥ ገብቶ ወንበር ይዞልኛል" አለችው።

ተጨበጨበላት። ፊቷን አይቼ ፍርሃቴን ረሳሁት፤ ለዚያች ቀን ብቻ።

ረቡዕ ማታ በሬዲዮ ተነገረ። አንድ እስረኛ የመኮንን ልብስ ለብሶ አምልጧል፤ ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ የወታደር ልብስ ቤቱ የተገኘበት ሰው ይታሰራል።

"ፍቺው እትዬ፣ ዛሬውኑ።"

"የወታደር አይደለም እኮ፤ የፊልም ነው።"

"እሱን ለነሱ ንገሪያቸው!"

"እነግራቸዋለኋ። ዓይን የላቸውም?"

"የታችኛው ሰፈር ተፈትሾ አልቋል። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እኛ ጋ ናቸው።"

"የአባባን ካፖርት ሁለቴ አልፈታም" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ሆዴን አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። እማዬ ገበያ ሄዳለች። ካፖርቱን አጣጥፌ ዘንቢል ውስጥ ከተትኩና ልብስ ላጥብ የምሄድ ለመምሰል ከላይ አንሶላ ደረብኩበት። ወደ ድልድዩ ስወርድ ያለፈኝ ሰው ሁሉ ከአንሶላው ሥር ያለውን የሚያይ ይመስለኛል። ወንዙ ቆሻሻ የሚያከማችበት ጥግ ወረወርኩት። እጅጌው ውሃ ላይ ተዘርግቶ ሰው መሰለኝ። ሮጥኩ።

ማታ ስትመጣ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ስል በቀስታ ጠየቀችኝ፤

"ኮሌታውን ገልብጠሽ አይተሻል?"

"ምን አለበት?"

"ቁጥሬ።"

በስፌት ቤታችን እያንዳንዷ ሰፊ የጨረሰችው ኮት ኮሌታ ሥር ቁጥሯን በነጭ ክር ትሰፋለች፤ ስፌቱ ቢተረተር ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ። የእትዬ ቁጥር አርባ አንድ ነበር።

"አላሰብኩበትም እኮ" አለች፣ እጇን እያየች። "ሲያልቅ እጄ ራሱ ሰፋው።"

ቤት ቢገኝ የፊልም ነው ትላቸው ነበር። ድልድይ ሥር የተጣለ ልብስ ግን ምን ይባላል? የጣለው ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው። ይህን ያደረግሁባት እኔ ነኝ።

ሲነጋጋ ከእማዬ ጋር ሦስታችንም ወደ ወንዙ ወረድን። የለም። ውሃ ይውሰደው ሰው ያንሣው በምን እናውቃለን። እማዬ ድንበር ወዳለችው ከተማ ልትልካት ከዚያው ቀጥታ ወደ መናኸሪያ ወሰደቻት። እትዬ የያዘችው መቀሷንና አንድ ቅያሪ ቀሚስ ነው።

"አንቺ ሥራ ግቢ። ሁለታችንም ከቀረን ያስታውቃል" አለችኝ እትዬ። ሰው እንዳያየን ሳትስመኝ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን የወታደር መኪና ስፌት ቤቱ ደጅ ቆመ። ሁለት ሰዎች ገብተው ጭቃ የጠጣውን ካፖርት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት።

"አርባ አንድ ማን ናት?"

የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። በከንፈሬ የያዝኩትን መርፌ ማውጣት አቃተኝ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አዩ። እኔን ግን አላዩም፤ እኔን ላለማየት ምን ያህል እንደታገሉ አውቃለሁ።

"ታማ ቀርታለች" አሉ።

በዕድሜ የሚበልጠው ሰውዬ ካፖርቱን አንሥቶ የጀርባውን ስፌት በጣቱ ተከተለው። "ይሄ የዚያች የባለፈረሷ አይደለም እንዴ?" ብሎ ሳቀ። "ሁለቴ አይቻታለሁ። ወይ እጅ!" ጓደኛው አልሳቀም።

"ስትድን ጣቢያ መጥታ ታስረዳ። ሌላ ነገር የለም" አለ የሳቀው፤ ካፖርቱን ይዘው ወጡ።

ሳቁ የምር ይሁን ወጥመድ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። "ሌላ ነገር የለም" ተብለው ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች ሰፈራችን ውስጥ ነበሩ። በሳምንቱ ደግሞ የማናውቀው ሰው በራችን ላይ ቆሞ፣ "ሻምበላችሁ አልዳነችም?" ብሎ ጠየቀ። ይህን ስም ማን ነገረው? እማዬ በሩን ዘግታ መቀርቀሪያውን ወረወረች። "እንዳትጽፊላት፣ ሰውም እንዳትልኪባት" አለችኝ። ነይ፣ ምሕረት ነው ብዬ ብጽፍላትና ባይሆንስ? ደብዳቤውን ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

በአራተኛው ዓመት የሰፈራችን የጭነት መኪና ሾፌር አየኋት አለ። ድንበሩ ላይ ባለችው ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ የሙሽራ ልብስ የሚያከራይ ስፌት ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ እጅጌ ትገጥም ነበር። "ሻምበል!" ብሎ ሲጠራት ቀና አላለችም። ያኔ ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ሰው ላክሁ። ሲደርስ ስፌት ቤቱ ተዘግቷል፣ የስፌት ቤቱ ባለቤትም ከተማውን ለቋል። ከዚያ ወዲህ እህቴን ያያት ሰው የለም።